ራብ ለእንግዳ አይቀርብም

አምበር፣ ግንቦት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ደመላሽ፣

እንደምን ሰነበትክ? የተናደደ ሰው ደህና ከተባለ እኔ ደህና ነኝ።

በድሆች ሥራ ላይ ገንዘብ አውላለሁ የሚለው መሥሪያ ቤትህ የሰጠውን፣ ትናንት በቴሌግራም የላክህልኝን መልስ አነበብኩት። «ማኅበሩ ጥሩ ነው፤ አባላቱ ግን ድሆች ሆነው አልተገኙም፤ ስለዚህ ገንዘባችንን እዚያ አናውልም።» እነ እትዬ አመተ ማርያም ድሃ ካልሆኑ በዚህ ወረዳ ማን ድሃ ሊሆን ነው?

የሆነውን ልንገርህ። እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ስትል፣ ግብጦ አጥበው የሚሸጡት የማኅበሩ ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ ሲሯሯጡ ሰነበቱ። «ማኅበሩን ያቋቋመችው የኔአለም ናት፤ ብትኖር እንዲህ ነበር የምትቀበላቸው» አሉ። እህታችንን የኔአለምን ከቀበርን ወዲህ ከላያቸው ያልወረደውን ጥቁር አወለቁ። ያለው ከሳጥኑ፣ የሌለው ከጎረቤት፣ ሁሉም ነጭ ለበሰ። እትዬ አመተ ማርያም የቄስ ገብረ ሚካኤልን ሚስት ጫማ ተውሳ፣ ጠቧት ስታነክስ ዋለች። በግ በዱቤ ታረደ።

ከእንግዶቹ ጋር ጠያቂ አድርጋችሁ የላካችኋት ልጅ ጨዋ ናት፤ አላማትም።

«እህል የሚያጥርባችሁ ወር አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ተመስገን! ምን ጎድሎብን!» አለች እትዬ አመተ ማርያም። ነሐሴን ከነልጆቿ በግብጦ ብቻ እንደምታልፈው አገር ያውቃል።

«ልጆቻችሁ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?»

«እስኪጠግቡ ነዋ! አንቺ ግን ምነው እንዲህ ከሳሽ? አፈር ስሆን ብይ!» ብላ አጎረሰቻት።

ልጅቷም እያላመጠች ጻፈች።

ያንተ ምክር ደግሞ ባሰ። «ተመልሰው እንዲያዩ እለምናለሁ፤ ቡትቷቸውን ይልበሱ፣ መራባቸውን ይናገሩ በላቸው» አልከኝ። ነገርኳቸው። እትዬ አመተ ማርያም የምታጥበውን ግብጦ ትታ ቀና አለች።

«እኔ ያሳደግሁት ልጅ ነው ይሄን ያለው? ለእንግዳ ራቤን ላቅርብ? አዲስ አበባ ገብቶ የተማረው ይሄንን ነው?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ባንተ አፈርኩ።

አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም? እንግዳ ደጅህ ሲቆም ጎተራህን ከፍተህ ባዶነቱን ታሳያለህ? ይህን ለባልደረቦችህ አስቀድመህ መንገር ምን ያቅትሃል? ልጅቷ ከመጠየቅ ይልቅ ሁለት ቀን ሰንብታ ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ልብሱም ጫማውም ወደየባለቤቱ ሲመለስ ታየው ነበር።

ደግሞ ማንም እርዳታ አልለመነም። የኔአለም ስትናገር ትዝ ይልሃል? «ገንዘባቸውን ያውጡ፤ ሠርተን ከትርፉ እናካፍላቸዋለን። እነሱም አይከስሩም፣ እኛም ከድህነት እንወጣለን።» የምትፈልገው ግብጦው የሚታጠብበት ገንዳ ነበር። ግብጦ መራራነቱ እንዲለቅ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ መሰንበት አለበት፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል። የኔአለምም ባለፈው ነሐሴ ወንዙ የወሰደውን ጆንያ አድናለሁ ብላ እንደገባች ነው የቀረችው። ገንዳው ካልተሠራ ዘንድሮም ይገባሉ። እትዬ አመተ ማርያም ዋና አትችልም።

ስለዚህ አንተው ና። ሥራ በዛብኝ አትበለኝ፤ እንግዶቹ ዓባይን ወርደው ደጀንን ወጥተው በአንድ ቀን ደርሰዋል። አንተ የቤት ልጅ ነህ፤ ላንተ ብሎ ነጭ የሚለብስ የለም። ጎተራውንም ማሳውንም በዓይንህ አይተህ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለአለቆችህ በራስህ አፍ ተናገር።

ለቀብሯ ሳትደርስ ስትቀር መንገዱ ነው ብዬ ተውኩት። ለአርባዋ ስትቀር ሥራው ነው አልኩ። አሁን ግን ወንዙን ማየት ፈርተህ ይመስለኛል። እኔ ጠዋትና ማታ እሻገረዋለሁ፤ ትምህርት ቤቴ ማዶ ነው።

እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ። እትዬ አመተ ማርያም ቁጣዋ ሳይበርድ ሰላም በልልኝ ብላሃለች።

ታናሽ ወንድምህ
እንዳላማው