«እሺ» አይበቃም፦ የአቶ ቴዎፍሎስ ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቴዎፍሎስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ማሩ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዳሴ ተክሌ በ1956 ዓ.ም. ቆቃ ተወለዱ። አባታቸው የግድቡ ጥበቃ ስለነበሩ ያደጉት የተርባይን ድምፅ እየሰሙ ነው። ድምፁ ከተለወጠ ሕፃኑ ከእንቅልፉ ይነቃ ነበር ይባላል።

ናዝሬት ተምረው በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ፤ መብራት ኃይልም አሥራ ሁለት ዓመት ሠሩ። በ1985 ዓ.ም. ወይዘሮ ገበያነሽን በቅዱስ ቁርባን አገቡ። በ1992 ዓ.ም. ካናዳ፣ ካልጋሪ ገብተው፣ ዲግሪያቸው እስኪታወቅላቸው ድረስ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኑ። ሰው ሲያዝንላቸው ግን አይወዱም ነበር። ልጆቻቸው ኑሃሚንና ሩቤን እዚሁ ተወለዱ።

በ1998 ዓ.ም. የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ መብራት ከሚመራበት መቆጣጠሪያ ክፍል ገቡ። አልበርታ ብቻዋን አትቆምም፤ በተራራው በኩል ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ከዚያም እስከ ሜክሲኮ ካለው አገር ጋር በመስመር ተያይዛለች። «ይህ ሁሉ ማሽን እንደ ማኅሌት ሽብሸባ እኩል ይራመዳል፤ አንዱ እግሩን ቢስት ሌላው ይደግፈዋል» ይሉ ነበር። የተቋረጠ መስመርም ሁለቱ ወገን እርምጃቸው እኩል ሳይሆን አይቀጠልም። ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ በገባ ቀን እሳቸው ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ኃይል በስልክ እየጠየቁ ሲቀበሉ ውለዋል፤ እኛ ቤታችን ሞቆን ተቀምጠናል።

በዚያ ስልክ «መቶ ሜጋዋት ላክ» ሲባል «እሺ» አይበቃም። የሰማው ሰው ቃሉን እንዳለ ይመልሳል፣ ያዘዘው «ልክ ነው» ይላል፤ ከዚያ በፊት ቁልፍ የሚነካ የለም። ይህንኑ ቤታቸው አስገቡት። ሩቤን ወተት እንዲገዛ ሲላክ እንኳ «አራት ሊትር፣ ስቡ ቱ ፐርሰንት» ብሎ ነው የሚወጣው። ታናሽ እህታቸው ሽታዬ ግን «ጋሼ፣ በቀቀን አደረግከኝ እንዴ?» እያለች አንድ ቀን ቃሉን መልሳ አታውቅም።

እናታቸው በ2010 ዓ.ም. ሲያርፉ ወይዘሮ ገበያነሽ «ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ይነገራት» ብለው መርዶውን ከሽታዬ ሦስት ቀን ያዙ። ሽታዬ ኢንተርናሽናል አቬኑ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ውስጥ ከሰው አፍ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ፋልከንሪጅ ሰፈር ያለውን የወንድሟን ቤት አልረገጠችም። አቶ ቴዎፍሎስ ግን አላኮረፉም፤ በየሳምንቱ ዋይትሆርን ሰፈር ቤቷ እየሄዱ ጠየቋት።

ባለፈው ዓመት የጉበት ካንሰር ያዛቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሽታዬን አስጠሩና «ከገበያነሽ ጋር ታረቂ» አሏት።

«እሺ» አለች።

«እሺ አይበቃም።»

ተነስታ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ «ከእትዬ ገበያነሽ ጋር እታረቃለሁ» አለች። «እትዬ» የምትለዋን ከራሷ ነው የጨመረችው።

«ልክ ነው» አሉ አቶ ቴዎፍሎስ። ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። መርዶውን ለሽታዬ በዚያው ሰዓት የነገሯት ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው፤ ሽማግሌ አልጠበቁም።

አቶ ቴዎፍሎስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ሁለቱ ሴቶች ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የማይጨልመው ብርሃን ባለበት እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። የሰማችሁ ሁሉ ቃሉን መልሱ፤ አሜን በሉ።