ማክሰኞ ስለማያርፈው መደብራችሁና ስለ ዲዳው ማንቂያዬ

ለተከበራችሁ የመተግበሪያ መደብሩ የአልሚዎች ጉዳይ ክፍል ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ስማችሁን ለማወቅ ባልታደልም አራት ወር ሙሉ ሳትሰለቹ በላካችሁልኝ አንድ ዓይነት መልስ ትጋታችሁን ስላወቅሁት፣ ወንበራችሁ እንዲመቻችሁና ወገባችሁን እንዳያማችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኤሲ አርኮፉል እባላለሁ፤ የምኖረው በጋና ጠረፍ በሞሬ ሲሆን፣ በመደብራችሁ ያለችኝም አንዲት መተግበሪያ ብቻ ናት። ባሕሩ ሊናወጥ ሲል የዓሣ አጥማጆቻችንን ስልክ ከጀልባው ሞተር በላይ ታስጮኸው ነበር። የስልኮቹ ሶፍትዌር ከታደሰ ወዲህ ግን ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ያለ ድምፅ ነው። ጥገናውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ልኬላችኋለሁ፤ ቅሬታዬም ከዚያ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ጥገናውን ከመቀበላችሁ በፊት አሥራ ሁለት ሰዎች ለአሥራ አራት ተከታታይ ቀናት በየዕለቱ ከፍተው እንዲሞክሩት አዛችኋል። አሥራ ሁለት አጥማጆች አላጣሁም። ችግሩ እኛ ዘንድ ማክሰኞ የባሕሩ ዕረፍት መሆኑ ነው፤ ጀልባ አይወጣም፣ መረብ ይጠገናል፣ ስለ ባሕሩ የሚያወራ ነገርም አይከፈትም። አሥራ አራት ቀን ደግሞ ሁለት ማክሰኞ አያጣም። ቆጠራው አምስት ጊዜ ወደ ዜሮ ተመለሰብኝ። የአጥማጆቹን አለቃ ናና ክዋሜናን ለአንዴ እንኳ እንዲፈቅዱልኝ ብለምናቸው፣ «ልጄ፣ ባሕሩ ራሱ ማክሰኞ ያርፋል፤ ያንቺ መደብር ማን ሆኖ ነው የማያርፈው?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን አስተላልፌላችሁ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ስላላችሁ፣ ናና በጣም ተደስተዋል።

ሁለተኛ፣ ጥፋቴን ልመን። በስድስተኛው ሙከራ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ሁለቱን ስልኮች በዓሣ ሳፋ ሰብስቤ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ራሴ ከፈትኳቸው። አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ደጃፍ መገኘታቸው አላሳመናችሁምና አጭበርባሪ ብላችሁ አስጠነቀቃችሁኝ። አራት ወር ፈልጌ ያጣሁት ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመካከላችሁ ስለተገኘ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ እንግዲያው የተበላሸችውን ከመደብሩ አንሱልኝ ብዬ ለመንኩ። በምርመራ ላይ ያለ መተግበሪያ አይነሳም፣ ምርመራውም የሚዘጋው አሥራ አራቱ ቀናት ሲሞሉ ነው አላችሁ። ይህን መልሳችሁን እኔ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እናንተም አንዴ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መግቢያ መውጫው ሲጠፋኝ በእግሬ ዞርኩ። ጀልባ በጀልባ እየሄድኩ ማንቂያውን ከስልካችሁ አጥፉት እያልኩ ለመንኩ፤ ሁሉም እያጉረመረሙ አጠፉት። ታናሽ ወንድሜ ኤቦ ብቻ ሳቀብኝ። «ተይ እንጂ እህት ዓለም፣ አምና ያተረፈኝ እሱ አይደል? ካልጮኸ ሰላም ነው ማለት ነው» አለኝ። እንዲህ ብሎ እንዲያምን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ኤቦ ወደ ባሕር ወጣ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የማዕበሉ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ድምፁን አጥፍቶ መጣ፤ በእሱም ስልክ ላይ እንደዚያው መጥቷል። ስደውልለት ይጠራል፣ ግን በሞተሩ ጩኸት አይሰማውም። የሌሎቹ ጀልባዎች ሰማዩን እያዩ ገብተዋል። በዚህ ማዕበል ፍለጋ የሚወጣ የለም፣ ውጡ ለማለትም አፍ የለኝም። ፈርቻለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ነው፣ እጄ ሌላ የሚሠራው ስላጣ።

ለሥርዓታችሁ ጽናት ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ከመደብራችሁ መግባትም መውጣትም የተከለከለችው ታዛዣችሁ፣

ኤሲ አርኮፉል
ከሞሬ ባሕር ዳርቻ

ማስታወሻ፦ «ጥያቄዎ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይታያል» የሚለው መልእክታችሁ አሁን ደረሰኝ፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ኤቦ የያዘው ነዳጅ እስከ ማምሻ ነው።