መዝገብ ላይ የሌለ ጉድጓድ

ማክሰኞ፣ ከሄድክ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? በፍጥነት ነድተህ ሞትክ አሉህ። አንተን! ዳቦ የምታደርስላቸው ባለሱቆች «ኤሊው መጣ፣ ዳቦውም ደረቀ» እያሉ የሚስቁብህን ሰው! የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት «የአሽከርካሪ ጥፋት» ይላል፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። እማዬ እንድትፈርምበት ላኩላት። አንብባ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። እኔ ግን ስምህን አጥፍተውማ አይሄዱም ብዬ የጽሕፈት ቤቱ ኢንጂነር ዘንድ ሄድኩ።

አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ከትምህርት ቤታችን ማዞሪያ ላይ ስላለው፣ አደጋው ስለደረሰበት ጉድጓድ ስነግረው መዝገብ ገለጠ።

«እዚህ የለም።»

«መንገዱ ላይ አለ።»

«ማመልከቻ ያልገባበት ጉድጓድ አይመዘገብም። ያልተመዘገበ ጉድጓድ ደግሞ መኪና አይሰብርም፣ ልጄ።»

ልጄ አለኝ! የእሱ ሹፌር እዚያች ቦታ ሲደርስ ጉድጓዱን ሸሽቶ በየቀኑ ወደ ግራ ይታጠፋል። በአደጋው ማግስት አንድ አካፋ አፈር ደፍተውበት ነበር፤ ዝናቡ ከእነሱ የተሻለ ሠራተኛ ነውና በአንድ ቀን ጠርጎ አወጣው።

ሜካኒኩ ወዳጅህ ግን ሰው ነው። የተሰበረውን የመሪ ዘንግ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ይኸውልህ፣ ግማሹ ስብራት ዝጓል፣ ግማሹ ያብረቀርቃል። ጉድጓድ መኪናን በአንድ ቀን አይገድልም። ቸርኬውን ያጣምማል፣ ባሌስትራውን ያደክማል፣ ዘንጉን ቀስ እያለ ይሰነጥቃል። ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ስብራቱ ሁሉ አዲስ ይሆን ነበር።»

ዘንጉን ታቅፌ ተመለስኩ። ኢንጂነሩ ገልበጥ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ።

«እንግዲያው የቆየ ስንጥቅ ነው። ታዲያ ለምን አላሠራውም? ፍጥነት የሚለውን ቸልተኝነት ብለን እናርመዋለን።»

ሊያርመው! እንደዚያ ሰውዬ የናቅሁት ሰው የለም። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ግን ዋጥኩት።

ትናንት የመጨረሻዎቹ ለቀስተኞች ሄዱ፤ አክስታችንም እማዬን ትንሽ ታርፍ ብላ ቤቷ ወሰደቻት። ዛሬ ጠዋት ስነቃ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ስንቅ ነው የከረምኩት።

በዚያ ረቡዕ «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለሜካኒኩ፣ የፊት ጎማው ጋ ይንኳኳል፣ ነገ ይየው በለው» ብለህ ላክኸኝ። እኔ ኳስ ሜዳ ዋልኩ። ማታ «ነገርከው?» ስትለኝ፣ «አዎ፣ ምንም አይደለም፣ ንዳው ብሏል» አልኩህ። አመንከኝ።

ፊቴን ታጠብኩ። ዩኒፎርሜን ለብሼ ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት ደረስኩ። ኢንጂነሩ ሲመጣ ባዶ ወረቀት ጠየቅሁትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወንድሜ መኪናው እንዲታይ ልኮኝ ነበር። አልሄድኩም። ሄጃለሁ ብዬ ዋሸሁት።» ፈረምኩበት።

አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«እናትህ ይህን ያውቃሉ?»

ከዚያ ወጥቼ ወደ አክስታችን ቤት በእግሬ ሄድኩ።

ታናሽህ