የመጨረሻው የሙሉጌጥ ሣጥን

እህት ዓለም አምለሰት፣

የስልሳዎቹ ዘፋኝና ተዋናይት የሙሉጌጥ ሸክላዎች በሙሉ የተሰበሰቡበትን ያዘዝሽኝን ሣጥን ጉርድ ሾላ አንድ ሙዚቃ ቤት አገኘሁት። የቀረው አንድ ነበር። ልከፍል ስል ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት ሣጥኑን ጨበጡ።

«ልጄ፣ ተውልኝ፤ የወጣትነቴ ድምፅ ነው» ብለው እንባቸውን አወረዱት። አንጀቴ አልችል ብሎ ለቀቅሁላቸው።

ወዲያው ዓይናቸውን ጠርገው ሳቁ። «እንባዬ ዛሬም ይታዘዘኛል!» ሣጥኑ ላይ ካለው ፎቶ ጋር ሳስተያያቸው፣ ሙሉጌጥ ራሳቸው ናቸው!

«ምነው አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ብነግርህማ ፎቶ ተነሥተህ ሣጥኑን ይዘህ ትሄድ ነበር» አሉኝ።

ሐዋሳ ላይ በትኬት የማናገኘውን ትርኢት በነጻ አየሁ። ለካሳ ብለው በዚህ በምጽፍልሽ የእንጦጦ ፖስትካርድ ላይ ፈረሙልሽ። ፊርማቸው ግማሹን ስለያዘ ለሰላምታ ቦታ የለኝም፤ እማማን ሳሚልኝ።

ዘረሰናይ