ለሴራፊና የተቀመጥነው ለቅሶ

ዩራኒዬ፣

አጎትሽ ኤልኪን ተበድሏል። በዚህ የማጋንጌ ከተማ ሙቀት የሰው ጥቁር ሸሚዝ አልብሰውኝ አንገቴን አንቆኛል። ሟቿ ደግሞ ጀልባ ቀዛፊዋ ሴራፊና ናት፤ አዎ፣ የልብ ወለዱ ሴራፊና! በመጨረሻው ቅጽ ወንዝ በላት። ለዓመታት በስልክ ስለ እሷ ስንከራከር የኖርን ወዳጆች ከመካከላችን የአንዷ፣ የኒድያ ቤት ተሰብስበን፣ ገና በአካል በተያየን በማግስቱ ለቅሶ ተቀምጠናል። ሻማው፣ ጸሎቱ፣ እዚህ ለቅሶ ላይ የሚጫወቱት ዶሚኖ ሁሉ የእውነት ነው። እኛ ከተማ ካሊ ቢሆን እስካሁን ወደ ዘፈኑ ዞረን ነበር።

ከጓያኪል ድረስ የመጣው ዊልመር፣ «አንተ ሽማግሌ፣ እውነት እያለቀስክ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ላብ ነው!»

«ላብ ባፍንጫ ይወርዳል?»

ኒድያ ግን አልሳቀችም። ሴራፊና ከመስጠሟ በፊት ከእህቷ የታረቀችበትን ገጽ ልታነብልን ጀምራ መጨረስ አቃታት። የራሷ እህት ኦብዱሊያ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ በእናታቸው የስፌት መኪና ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል።

«ሄደሽ አናግሪያታ» ብላት፣

«ብሞት እንኳ አትመጣም» አለችኝ።

ወጣሁና፣ እዚህ ሰው የሞተበት ቤት በሩ ላይ የሚሰቅለውን ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ። ለሴራፊና ክብር ነው አልኳቸው።

እናትሽን ሳሚልኝ። ቦታ ስላለቀብኝ የወረቀቱን ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ነው የምጽፈው፤ ለጎረቤቶቹም ሁሉ ሰላም...

በሩ በጡጫ እየተደበደበ ነው። ዊልመር ከፈተው። ኦብዱሊያ ናት፤ እጇ ዱቄት እንደለበሰ፣ ባንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ፣ «እህቴ! እህቴን ምን አገኛት?» እያለች ትጮኻለች።

ኒድያ መጽሐፉን ጥላ ሮጠች። «አለሁ» ትላታለች፣ «አለሁ እኮ!»