ከቤት ያልወጣው መርዶ

ቶሌራ፣

የኢሜይል ሰርቨርህን አስተካክዬዋለሁ፤ ከካማሺ ስትገባ እንዳትነካካው። የምንጋራው ቤት የኢንተርኔት መስመር አንተ በመረጥከው መውጫ፣ በፖርት 25፣ ኢሜይል አያስወጣም። አሁን በፖርት 587 በኩል፣ በሌላ ኢሜይል ላኪ ድርጅት እንዲያልፍ አድርጌዋለሁ። የሰርቨሩ መዝገብ፣ ሎጉ፣ "መገናኘት አልተቻለም" እያለ ሲጮህ ነበር የከረመው።
ከፍተህ አላየኸውም።

የእድሩን ጥሩምባ ያስቀረኸው አንተ ነህ። "ከእንግዲህ መርዶ በኢሜይል ነው" ብለህ ሽማግሌዎቹን አሳመንክ። ማክሰኞ እናቴ ስታርፍም በስልክ "ለእድርተኛው ልኬዋለሁ፣ አታስብ" አልከኝ።

ድንኳን የተከለልን የለም። ከሆስፒታል በቀጥታ ወስደን እኔ፣ እህቴና ፓስተሩ ቀበርናት።
እኔም ሰፈሩን በሙሉ ተቀየምኩ። ጎረቤታችንን እትዬ የዝናን ሰላምታ ነስቼ አለፍኳቸው። መርዶው ግን ለካ ከዚች የሰርቨር ሳጥንህ ወጥቶ አያውቅም።

ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ራሱ ይነሳል።
ባምባሲ እህቴ ዘንድ ነኝ። አትደውልልኝ።

የተጠራቀመው ኢሜይል ዛሬ ጠዋት ለሁሉም ወጥቷል። ማታ እድርተኛው ድንኳንና ወንበር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።
እትዬ የዝናን ይቅርታ ጠይቅልኝ።
ለቅሶውን አንተ ተቀመጥ።

ጂራታ