በእማዬ ቦታ የቆመችው ዝነኛ

ይድረስ ለውዷ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ነው።

እማዬ በወጣትነቷ መሪ ሆና የዘፈነችበት ሙዚቃዊ ቲያትር እንደገና ለመድረክ በቅቶ ወር ሳይሞላው ተዘጋ! ልብሱን ሁሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንጀቴ አርሯል። አዘጋጆቹ ሰው ይጎርፋል ብለው የእማዬን የድሮ ቦታ ለአንዲት ዝነኛ የፊልም ተዋናይ ሰጡ። ሴትዮዋ ልምምድ ትቀራለች፤ መዝፈንም አትችል፤ በተቀዳ ድምፅ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሰዉም ነቅቶባት መቅረት ጀመረ።

ባለፈው ቅዳሜ የተቀዳው ድምፅ ተቋረጠና አፏን ከፍታ ቀረች። ይሄኔ እማዬ ከፊት ወንበር ተነስታ ዘፈኑን አንድ ቃል ሳትስት ዘፈነችው! ሰው ቆሞ አጨበጨበላት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ «እህቴ፣ ቶሎ ልብሴን ቀይሪልኝ፤ ልጆቼ ቤት ብቻቸውን ናቸው» አለችኝ። ደስታው አምታቷት ነው መቼም።

በነጋታው ቲያትሩ ተዘጋ። እማዬ አሁንም አመሻሽ ላይ ለባብሳ፣ «የቲያትር ቤቱ መኪና ቀረ እኮ» እያለች በር በሩን ታያለች። ሌባ በዝቷል ብዬ የውጭ በሩን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ።

አንቺ ዘንድሮ እረፍትሽን ወስደሽ ነይ። ስትመጪ ፀጉርሽን እማዬ እንደምታውቀው እንደ ድሮው ተሠሪ።

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤ እቅፍ አድርጌ ስሜሻለሁ።

ታናሽሽ